በእምነት መጽደቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ በለቅሶ ቤት፣ በስልክም ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስከትዬ መልሻለሁ።

"መጽደቅ" ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛችን ለዚህ ቃል ብዙ ቦታ ሰጥቶታል። የተተከለ ችግኝ ሥር ሲይዝ "ጸደቀ" እንላለን። ምክር ቤት የተቀበለው አዋጅም "ጸደቀ" ይባላል። ለተቸገረ ሰው እጃችንን ስንዘረጋ ደግሞ "ለጽድቅ ብዬ ነው" እንላለን። "ጻድቅ" ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው በረሃ ወርዶ ቅጠል እየበላ የሚጸልይ መናኝ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ጽድቅ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አይደለም ብዬ ደምድሜ ነበር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ቃሉን የሚጠቀምበት ቦታ ችሎት ነው። ዳኛ አለ፣ ክስ አለ፣ ተከሳሽ አለ። መጽደቅ ማለት ዳኛው "ይህ ሰው በፊቴ ትክክል ነው፤ ክስ የለበትም" ብሎ ሲፈርድለት ነው። ተቃራኒው መኮነን ነው። "የሚያጸድቅ እግዚአብሔር ነው፥ የሚኰንንስ ማን ነው?" ይላል ሮሜ 8 ላይ። "ጽድቁ ቀርቶብኝ በቅጡ በኮነነኝ" የሚለው ተረታችንም ሁለቱን ቃላት እንዲሁ ፊት ለፊት ነው የሚያቆማቸው።

በእምነት መጽደቅ ሲባልስ?

ፍርዱ የሚሰጠን ክርስቶስ በሠራው ሥራ ነው፤ እኛ ደግሞ በማመን እንቀበለዋለን ማለት ነው። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ በደመወዝ ያስረዳል። ወሩን ሙሉ ለፍተህ ደመወዝ ሲከፈልህ ማንም ውለታ አልዋለልህም። ዕዳውን ነው የከፈለህ። ጽድቅ ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። እግዚአብሔር የማንም ባለዕዳ ሆኖ አያውቅምና።

ምሳሌው አብርሃም ነው። ዘፍጥረት 15:6 "በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት" ይላል። "ተቈጠረለት" የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ይህ ሲሆን አብርሃም ገና አልተገረዘም። ግዝረቱ የመጣው ምዕራፍ 17 ላይ፣ ቢያንስ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ በሲና ሊሰጥ ደግሞ ገና ብዙ ትውልድ ይቀረዋል። ጳውሎስ መላ ሙግቱን የተከለው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፦ መጀመሪያ መጽደቁ፣ ከዚያ ምልክቱ።

እግዚአብሔር መኖሩን አምናለሁ። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ያዕቆብ "አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል" ይላል። መኖሩን ማወቅ ብቻውን የማንንም ሕይወት አልቀየረም።

እዚህም ላይ አማርኛችን ይረዳናል። "ተከሳሹ አመነ" ስንል ጥፋቱን ሳይክድ ተቀበለ ማለታችን ነው። "እሱን አምኜ ልጄን ትቼለት ሄድኩ" ስንል ደግሞ የምንሳሳለትን ነገር በሰው እጅ ላይ አስቀመጥን ማለታችን ነው። በክርስቶስ ማመን ሁለቱንም ይዟል። ጥፋቴን አምናለሁ፤ ራሴንም አምኜ እሰጠዋለሁ።

ታዲያ መልካም ሥራ ምን ይሠራል?

ብዙ ይሠራል። ብቻ ቦታው ሌላ ነው። ኤፌሶን 2:8–9 "ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና… ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም" ይላል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ መጽሐፉን ይዘጋል። ቁጥር 10 ግን ይቀጥላል፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀውን መልካም ሥራ እንድናደርግ ተፈጠርን ይላል። ሥራው ከመዳን ይወለዳል እንጂ አይወልደውም። ማንጎ ዛፍ ማንጎ የሆነው ፍሬ ስላፈራ አይደለም። ማንጎ ስለሆነ ነው ያንን ፍሬ የሚያፈራው። ፍሬ አልባ ሆኖ ዓመታት ካለፉት ግን "ይሄ ዛፍ ምን ነክቶት ነው?" ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ድሮ ለነዳያን ሳንቲም ስሰጥ ፊታቸውን አላይም ነበር። ሰጥቼ አልፋለሁ። ልቤ ያለው ሂሳቡ ላይ ነበር፤ "ዛሬ አንድ ነገር አድርጌያለሁ" የሚለው ላይ። ያ የተቸገረ ሰው ለእኔ ወደ ሰማይ መወጣጫ መሰላል ነበር። አንድ ቀን ይህ ትምህርት ሲገባኝ ያፈርኩት በዚህ ነው። ጽድቄ በክርስቶስ ካለቀ ከሰውየው የምፈልገው ነገር የለም። እንግዲህ እሱን ራሱን ማየት እችላለሁ። ስሙን መጠየቅ እችላለሁ። ርቦት ከሆነ የምሰጠው ስለራበው ነው።

ስለዚህ "እምነት ከተባለ ሥራ ይቀራል" የሚሉኝን ሰዎች ስሰማ ያዝናል ልቤ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሥራ ነጻ የሚወጣው ከሂሳብ ደብተሩ ላይ ሲፋቅ ነው።

ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ጸሎቱስ ይቀራል?

አይቀርም። ጌታ ራሱ ማቴዎስ 6 ላይ "ስትጾሙም" አለ እንጂ "ብትጾሙ" አላለም። ጾም ሥጋን ያስተምራል፤ ጸሎት ከአባት ጋር ያውላል። ችግሩ የሚመጣው እንደ ክፍያ ስናቀርባቸው ነው። ሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፤ ከሚያገኘው ሁሉ አሥራት ያወጣ ነበር። ጾሙ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰው ደረቱን እየደቃ "አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ" ያለው ቀራጭ ነው።

ይህን ትምህርት ማርቲን ሉተር ነው የፈጠረው?

ሉተር ከመወለዱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ነቢዩ ዕንባቆም ጻድቅ በእምነት እንደሚኖር ጽፏል። ጳውሎስ ያንን ጠቅሶ ለሮሜና ለገላትያ ሰዎች ጻፈ። የሉተር ድርሻ ሌላ ነው። ሉተር ጀርመናዊ መነኩሴ ነበር። ይጾማል፣ ይተጋል፣ ደጋግሞ ይናዘዛል፤ ሰላም ግን አጣ። ሮሜ 1:17 ላይ ያለው "የእግዚአብሔር ጽድቅ" የሚለው ቃል ያስጨንቀው ነበር። እግዚአብሔር ኃጢአተኛውን የሚቀጣበት ጽድቅ ይመስለው ነበርና። በኋላ እግዚአብሔር ለሰው የሚሰጠው ጽድቅ መሆኑ ሲገባው የገነት በር የተከፈተለት ያህል እንደተሰማው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1517 በዊተንበርግ ያወጣቸው 95 የመከራከሪያ ነጥቦች የተነሱት ኃጢአት ማስተሰረያ ተብሎ ይሸጥ በነበረው ወረቀት ላይ ነው። በ1530 የሉተር ወገኖች ያቀረቡት የአውግስበርግ የእምነት መግለጫም በአራተኛው አንቀጹ ሰዎች በራሳቸው ሥራና ብቃት ሳይሆን ስለ ክርስቶስ በእምነት በነጻ እንደሚጸድቁ ይናገራል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለማያውቁት ነው። በ1534 ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ስለ እምነት ተወያይቷል። ሉተርም እንደ ክርስቲያን ወንድም ተቀብሎት የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎለታል። ዛሬ "የፈረንጅ ሃይማኖት፣ የአበሻ ሃይማኖት" እየተባባልን ስንጣላ እነዚያ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እንደነበር ትዝ ይለኛል።

የኦርቶዶክስና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ምን ይላሉ?

እኔ የወንጌላውያን ወገን ነኝ። ቢሆንም የሌላውን ትምህርት ባለቤቱ "አዎ፣ እንዲህ ነው የምንለው" በሚልበት መንገድ መናገር ይገባናል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖትና ምግባር አይነጣጠሉም ትላለች። ሰው በጥምቀት ልጅነትን ያገኛል፣ በቁርባን ይኖራል፣ በምግባር ያድጋል። ይህ ማለት ግን ሰው ራሱን ያድናል ማለት አይደለም። "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እያለ ምሕረት የሚለምን ምእመን በራሱ ሥራ ተመክቷል ብሎ መክሰስ ትክክል አይመስለኝም። ልዩነታችን ያለው ምግባር በመጽደቅ ውስጥ ያለው ቦታ ላይ ነው። እኔ ፍሬው ነው እላለሁ። እነሱ የመንገዱ አካል ነው ይላሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1547 በትሬንት ጉባኤ "በእምነት ብቻ" የሚለውን አነጋገር አውግዛለች። ያው ጉባኤ ግን ከመጽደቅ በፊት ያለ ምንም ነገር፣ እምነትም ሆነ ሥራ፣ ለጽድቅ ጸጋ የተገባ እንደማያደርግ ተናግሯል። ከ452 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.፣ የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌደሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አውግስበርግ ከተማ ላይ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። በእግዚአብሔር ዘንድ ተቀባይነት የምናገኘው በእኛ ብቃት ሳይሆን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን መሆኑን አብረው መሰከሩ። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የሪፎርምድ (የካልቪን ወገን) አብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ኅብረት በ2017 ተቀላቀሉት። ልዩነቱ ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም። የእኛ አገር የፌስቡክ ክርክር ግን ይህ ወረቀት መኖሩን የሰማ አይመስልም።

በእምነት ከጸደቅን እንደፈለግን ብንኖር ምን ችግር አለው?

ይህን ጥያቄ ጳውሎስም ተጠይቆ ነበር። "ጸጋ እንዲበዛ በኃጢአት ጸንተን እንኑርን? አይደለም" ብሎ ነው የመለሰው። እንዲያውም ስለ ጸጋ ስንሰብክ ማንም ይህን ካልጠየቀን ጳውሎስ የሰበከውን አልሰበክንም ይሆናል ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ልጅ ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ አንገቱ ድረስ ተዘፈቀ እንበል። አባቱ ቤቱን ሸጦ አወጣው። ልጁ በማግሥቱ "አባቴ ይከፍላል" ብሎ ያንኑ በር ቢያንኳኳ፣ ነጻነቱ አልገባውም፤ የአባቱም ፍቅር አልነካውም። የተነካ ልጅ ያንን ሰፈር ማየትም አይፈልግ። ቢሳሳትና ቢሄድ እንኳ እዚያ ማደር አይችልም።

ያዕቆብ "በእምነት ብቻ ሳይሆን በሥራ" ብሏል። ከጳውሎስ ጋር አይጋጭም?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በችኮላ ልናልፈው አይገባም። መጀመሪያ ሐቁን እንቀበል። በመጽሐፍ ቅዱስ "እምነት" እና "ብቻ" ጎን ለጎን ሆነው ስለ መጽደቅ የተጻፉት ያዕቆብ 2:24 ላይ ነው። እዚያም የተባለው "በእምነት ብቻ ሳይሆን" ነው። ሉተር በ1522 ባሳተመው የጀርመንኛ አዲስ ኪዳን ሮሜ 3:28 ላይ "ብቻ" የሚል ቃል ጨምሯል። የጳውሎስ ሐሳብ ይህ ነው፣ በጀርመንኛም እንዲህ ነው የሚባለው ብሎ ተከራክሯል። በሐሳቡ እስማማለሁ። ያዕቆብን የገለባ መልእክት ማለቱ ግን አይዋጥልኝም።

አሁን ሁለቱ ከማን ጋር እየተነጋገሩ እንደሆነ እንይ። ጳውሎስ ፊት ያለው ሰው "ካልተገረዛችሁ፣ ሕጉን ካልጠበቃችሁ አትድኑም" የሚል ነው። ያዕቆብ ፊት ያለው ሰው ደግሞ ራቁቱን የሆነና የዕለት ምግብ ያጣ ወንድሙን "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡ" ብሎ ባዶ እጁን የሚሸኝ ነው። ለመጀመሪያው "ሥራህን አስቀምጥና እመን" ይባላል። ለሁለተኛው "እምነት የምትለውን እስቲ አሳየኝ" ይባላል።

ሁለቱም አብርሃምን ይጠራሉ፤ ግን ከተለያየ ዘመኑ ነው። ጳውሎስ ዘፍጥረት 15ን ይይዛል፤ አብርሃም ከዋክብትን እያየ ያመነበትን ሌሊት። ያዕቆብ ምዕራፍ 22ን ይይዛል፤ ይስሐቅን በመሠዊያ ላይ ያቀረበበትን ቀን። በመካከሉ ብዙ ዓመታት አሉ። ያዕቆብ ራሱ በተራራው የሆነው ያ የቀደመው ቃል የተፈጸመበት ነው ይላል። በዚያች ሌሊት የጸደቀው ችግኝ በተራራው ላይ ዛፍ ሆኖ ታየ። ጳውሎስም ቢሆን ገላትያ 5:6 ላይ የሚጠቅም እምነት በፍቅር የሚሠራ እምነት ነው ብሏል። ያዕቆብ ይህን ቢያነብ አሜን የሚል ይመስለኛል።

ማቴዎስ 25 ላይ ፍርዱ በሥራ ነው። ይህስ?

"ተርቤ አብልታችሁኛልና" ይላል ንጉሡ። ሁሌም የሚገርመኝ የጻድቃኑ መልስ ነው። "ጌታ ሆይ፥ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?" ብለው ይጠይቃሉ። አያስታውሱትም። ለጽድቅ ብለው ቢሠሩት ኖሮ መዝግበው ይይዙት ነበር። ደግሞ "ውረሱ" ተብለዋል። ውርስ ልጅ ስለሆንክ የምታገኘው ነው፤ ደመወዝ አይደለም። ይህን ስል ክፍሉን ላለዝበው አይደለም። የተራበ አይቶ ዝም ያለ ሰው እዚህ ምዕራፍ ላይ ሊደነግጥ ይገባዋል።

እግዚአብሔር በደለኛውን ነጻ ካለ ፍትሕ የት ገባ?

ምሳሌ 17:15 በደለኛውን የሚያጸድቅ ዳኛ በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ ነው ይላል። ታዲያ እግዚአብሔር ራሱ ይህን እንዴት ያደርጋል? መልሱ በአገራችን ወግ ውስጥ ያለ ነው፤ ዋስ። ዋስ የገባ ሰው ተበዳሪው ሲያቅተው ከራሱ ይከፍላል። አበዳሪው ተጭበረበረ አይባልም፤ ገንዘቡን አግኝቷል። ተበዳሪውም በነጻ ይሄዳል። የከፈለው ዋሱ ነው። ዕብራውያን 7:22 ኢየሱስን "ዋስ" ይለዋል።

ስለዚህ መስቀሉ ላይ ኃጢአት ቸል አልተባለም፤ ተከፍሎበታል። 2ኛ ቆሮንቶስ 5:21 ኃጢአት ያላወቀው ስለ እኛ ኃጢአት እንደተደረገ፣ እኛም በእርሱ ሆነን የእግዚአብሔር ጽድቅ እንደምንሆን ይናገራል። ሮሜ 3:26ም እግዚአብሔር ራሱ ጻድቅ ሆኖ የሚያምነውን እንደሚያጸድቅ ይናገራል። ዳኛውም ጻድቅ፣ ተከሳሹም ጻድቅ።

ዕድሜውን ሙሉ ክፉ የሠራ ሰው በመጨረሻ ሰዓት አምኖ ቢጸድቅ ይህ ለሌላው ሰው አግባብ ነው?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የተበደሉ ሰዎች ናቸው። አባቷ ጥሏት የሄደ ልጅ፣ ወንድሙን የገደሉበት ሰው። ስለዚህ ፈጥኜ አልመልስም። የእግዚአብሔር ምሕረት ጉዳቱን አያቃልለውም። የአገር ሕግ ያለበትን ቅጣትም አያስቀርም። ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን፣ "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ተባለ፤ ከመስቀሉ ግን አልወረደም። ራሱም "ለአደረግነው የሚገባውን እንቀበላለን" ብሏል።

ይህ ሰው ከሙግቱ ሁሉ ይልቅ ይነግረኛል። እጁም እግሩም ተቸንክሯል። መጾም፣ መመጽወት፣ የበደለውን መካስ አይችልም። የቀረችው ምላሱ ናት። በእሷ ጥፋቱን አመነ፣ በእሷ ጌታን ለመነ።

ያለሁት አረብ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልችልም፤ ጾሙንም አሠሪዎቼ አይፈቅዱልኝም። ጽድቄ ይጎድላል?

አይጎድልም፣ እህቴ። ሰው ቤት ተቀጥረው የእረፍት ቀን የሌላቸው፣ በር የሚቆለፍባቸው ብዙዎች አሉ። ሳውዲ ያላችሁ ደግሞ በግልጽ የቆመ ቤተ ክርስቲያን በአገሩ የለም። እግዚአብሔር ያለሽበትን ቤት ያውቃል። ጽድቅሽ ያለው ክርስቶስ ዘንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አሠሪ ቆልፎ ሊይዝብሽ አይችልም። ኩሽና ውስጥ ሆነሽ የምትናገሪው አንድ ቃል ይሰማል። ኅብረቱ መናፈቁ ግን ጥሩ ነው፤ ስታገኚ አትለፊው። እስከዚያው በስልክም ቢሆን አብራሽ የምትጸልይ አንዲት ሰው ፈልጊ።

እምነቴ ደካማ ነው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይጠፋብኛል። በዚህ እምነት እጸድቃለሁ?

እምነትን እንደ አዲስ ሥራ ቆጥረነው ይሆናል። ድሮ "በቂ ጾሜያለሁ ወይ?" እንል ነበር፤ አሁን "በቂ አምኛለሁ ወይ?" እያልን እንጨነቃለን። ሂሳቡ ያው ነው፤ ደብተሩ ብቻ ተቀየረ። እምነት ግን የለማኝ እጅ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅም እንጀራውን ይቀበላል። የሚያጠግበው እንጀራው ነው።

ማርቆስ 9 ላይ ልጁ የታመመበት አባት አለ። ጌታ ስለ ማመን ሲነግረው እየጮኸ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። ኢየሱስ "ሄደህ እምነትህን አጠንክረህ ና" አላለውም። ልጁን በእጁ ይዞ አስነሣው።